የጃፓን የእጅ ወረቀትና የአመራረጡ ነገር

ቁም ጸሐፊ ብራና ሊያዘጋጅ ሲነሣ አስቀድሞ የሚመረምረው ቆዳውን ነው። የፍየል ነው ወይስ የበግ? እንስሳው ከሲታ ነበር ወይስ የሰባ? ገላው ላይ ቁስል ነበረበት ወይስ አልነበረበትም? የበግ ቆዳ ስቡ ብዙ ስለ ሆነ ቀለም አልቀበልም ይላል፤ ቁስል የነበረበትም ቦታ በመወጠሪያው ላይ ሲወጠር ይቀደዳል። ስለዚህ ጸሐፊው ብርዑን ከመቅረጹና ቀለሙን ከመበጥበጡ በፊት የመጽሐፉ ዕድሜ በቆዳው ምርጫ እንደሚወሰን ጠንቅቆ ያውቃል።

ወረቀትን በሚመለከት ግን እኛ የዛሬ ተማሪዎች ይህን የመሰለ ጥያቄ የመጠየቅ ልማድ የለንም። በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በጌዶ ወደ ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ስንገባ የምንጠይቀው ስለ ወረቀቱ ስፋት፣ ስለ ንጣቱና ስለ ዋጋው ብቻ ነው። ለደብዳቤና ለፈተና ይህ ይበቃል። የሠዓሊ ሥራ ወይም የእንጨት ኅትመት የሚያርፍበት ወረቀት ሲሆን ግን አይበቃም። ብዙ ቀን የተደከመበት ቅርጽ በማይረባ ወረቀት ላይ ከታተመ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቢጫ ይሆናል፣ ጠርዙም ይፈረካከሳል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ በዓለም የኅትመት ሠዓሊዎች ዘንድ ከፍ ያለ ግምት የተሰጠው የጃፓን የእጅ ወረቀት ምን እንደ ሆነ፣ እንዴትስ እንደሚመረጥ ለማስረዳት እንሞክራለን። በመጨረሻም ነገሩ ለእኛ አካባቢ ምን ትርጉም እንዳለው እንጠቁማለን።

1. የወረቀት ጥንካሬ ከወዴት ይመጣል?

ወረቀት ማለት በውኃ ውስጥ ተበትነው የነበሩ የተክል ቃጫዎች እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው የደረቁበት ስስ ገጽ ነው። ቃጫው ረዥም ከሆነ መጠላለፉ ጠንካራ ይሆናል፤ አጭር ከሆነ ወረቀቱ በቀላሉ ይቀደዳል። ከአምቦ እስከ ሆለታ በመንገዱ ግራና ቀኝ የምናየው ባሕር ዛፍ በሌላው ዓለም ለቢሮ ወረቀት መሥሪያ በብዛት ይውላል፤ የቃጫው ርዝመት ግን ከ1 ሚሊ ሜትር የሚያልፍ አይደለም። ጃፓኖች ኮዞ ብለው የሚጠሩት ተክል ልጥ በአንጻሩ በአማካይ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በጣም ስስ የሆነ የጃፓን ወረቀት ወፍራሙን የቢሮ ወረቀት በጥንካሬ የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ነገር ንጽሕና ነው። እንጨት ሊግኒን የሚባል ቃጫዎቹን የሚያጣብቅ ነገር አለው። እንደ ጋዜጣ ወረቀት ያለው እንጨቱ ከነሊግኒኑ ተፈጭቶ ስለሚሠራ ፀሐይ ሲያገኘው ቶሎ ቢጫ ይሆናል። የልጥ ቃጫ ግን ከመጀመሪያውም ሊግኒኑ ጥቂት ነው፤ የቀረውም በመቀቀልና በማጠብ ይወገዳል።

2. አሠራሩ

ኒሆን ሾኪ የተባለው የጃፓን ጥንታዊ ታሪክ መጽሐፍ እንደሚለው፣ በ610 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከኮሪያ ምድር የመጣ አንድ መነኩሴ ቀለም፣ ወረቀትና የጽሕፈት ጥቁር ቀለም መሥራት ያውቅ ነበር። ጃፓኖች ይህን ጥበብ ተቀብለው በራሳቸው መንገድ አሳደጉት። ወረቀታቸውንም ዋሺ ይሉታል። በየአገሩ «የሩዝ ወረቀት» እየተባለ ሲጠራ ይሰማል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው፤ ወረቀቱ ከሩዝ አይሠራም።

የኮዞው ቅርንጫፍ በክረምታቸው፣ ማለት በብርዱ ወራት ይቆረጣል፤ በእንፋሎት ይበስልና ልጡ ይላጣል። ጥቁሩ የውጭ ቅርፊት ተፍቆ ነጩ ልጥ ብቻ ይቀራል። ነጩ ልጥ በአመድ ውኃ ወይም በሶዳ ተቀቅሎ በጠራ ውኃ ይታጠባል። ከዚያ በኋላ ሠራተኞች ተቀምጠው እህል እንደሚለቀም ሁሉ ጉድፉን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። የተለቀመው ልጥ ተወቅጦ በውኃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ይበተናል። ገንዳው ውስጥ ቶሮሮ አኦይ ከሚባል ተክል ሥር የሚወጣ ዝልግልግ ፈሳሽ ይጨመራል። ይህ ተክል የባሚያ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ፈሳሹም የተዘፈዘፈ የተልባ ውኃ የሚመስል ነው። ሥራው ማጣበቅ አይደለም፤ ረዣዥሞቹ ቃጫዎች ወደ ታች እንዳይዘቅጡና እንዳይቋጠሩ በውኃው መካከል ማንሳፈፍ ነው።

ወረቀት ሠሪው በእንጨት ክፈፍ የተያዘ የቀርከሃ ወንፊት ገንዳው ውስጥ እየነከረ፣ ውኃውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያመላለሰ ቃጫውን በስስ በስሱ ይደራርባል፤ የተረፈውንም ወዲያ ይደፋዋል። ይህ አሠራር ናጋሺዙኪ ይባላል። ወረቀቱ ተደራርቦ ከተጨመቀ በኋላ አንድ በአንድ እየተላቀቀ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ይደርቃል። ሰሌዳውን የነካው ገጽ ልሙጥ፣ ሌላው ሻካራ ሆኖ ይቀራል። ብራናችንም በጸጉሩ በኩልና በሥጋው በኩል ሁለት መልክ እንዳለው እናውቃለን።

3. ሦስቱ ዋና ዋና ተክሎች

የመጀመሪያው ኮዞ ነው። ቃጫው ረዥምና ጠንካራ፣ ወረቀቱም ለስላሳና ቢታጠፍ የማይሰበር ነው። በ2014 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈራቸው ሦስቱ የጃፓን ወረቀቶች፣ ማለት የሴኪሹ፣ የሚኖና የሆሶካዋ ወረቀቶች፣ ሁሉም የሚሠሩት ከኮዞ ነው።

ሁለተኛው ሚትሱማታ ነው። ቃጫው ከኮዞ ያጠረ፣ ወረቀቱ ደቃቅና ልሙጥ ነው። ጃፓኖች የገንዘብ ኖታቸውን ሲያዘጋጁ ይህን ተክል ከማኒላ ቃጫ ጋር ይቀላቅሉታል።

ሦስተኛው ጋምፒ ነው። ለማልማት አስቸጋሪ ስለ ሆነ በአብዛኛው ከዱር ይሰበሰባል፤ ዋጋውም ውድ ነው። ወረቀቱ ስስ፣ ልሙጥ፣ የሐር ዓይነት ብርሃን ያለው ሲሆን ነፍሳት አይደፍሩትም። ነገር ግን ውኃ ሲነካው ይኮማተራል።

4. ለየሥራው የሚስማማው

ከዚህ በላይ የተመለከተው ሁሉ የሚጠቅመው ሥራውን ለይተን ስናውቅ ነው። «ከሁሉ የተሻለው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ «ለምን ሥራ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ሀ. የእንጨት ኅትመት። ጃፓኖች በውኃ ቀለም ሲያትሙ ሆሾ የተባለውን የኮዞ ወረቀት ይመርጣሉ፤ በኤቺዜን አገር የሚሠራው ስመ ጥር ነው። ቀለሙ እንዳይሰራጭ ወረቀቱ አስቀድሞ ከእንስሳ ቆዳ የተሠራ ሙጫና አሉም የሚባለው ጨው በተቀላቀለበት ውኃ ይቀባል፤ ይህን ቅብ ዶሳ ይሉታል። በዘይት ቀለም ለሚያትም ሰው ግን ዶሳ የግድ አያስፈልገውም፤ መካከለኛ ውፍረት ያለው ያልተቀባ ኮዞ ይበቃዋል።

በአገራችን የእንጨት ኅትመት ትምህርት አዲስ አይደለም። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ሐንሰን ባኢያ የተባለው የእንጨት ኅትመት ሠዓሊ ከ1963 እስከ 1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አስተምሯል። ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባ ውጭ በሚገኙ ከተሞች ለሚሠራ ተማሪ የማተሚያ መኪና ማግኘት ቀላል አይደለም። የኮዞ ወረቀት ከፍተኛ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ ስስ ስለ ሆነ ቀለም በተቀባው እንጨት ላይ አንጥፎ ጀርባውን በእንጨት ማንኪያ ማሸት ይበቃል፤ ቀለሙ እንዴት እንደ ያዘም በጀርባው በኩል ይታያል። ቃጫው ረዥም ስለ ሆነ ደጋግመው ቢያሹት አይቀደድም። እንግዲህ መኪና ለሌለው ሰው ጥሩ ወረቀት ቅንጦት አይደለም፤ የማተሚያውን ሥራ ግማሽ ይሠራለታል።

ለ. የመዳብ ሰሌዳ ኅትመት። በዚህ ሥራ ወረቀቱ ርሶ በከባድ መጭመቂያ ሥር ያልፋል። ያልተቀባ ኮዞ ሲርስ ጭራው እየተነሣ በቀለሙ ላይ ሊጣበቅ ይችላል፤ ስለዚህ ልሙጡ ጋምፒ ይሻላል። ስስ በመሆኑም ብዙ ጊዜ ከወፍራም ወረቀት ጋር ተለጥፎ ይታተማል። የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት ከ1640ዎቹ ጀምሮ በነጋዴ መርከብ በመጣ የጃፓን ወረቀት ላይ የመዳብ ኅትመቶቹን ማሳተሙ የታወቀ ነው።

ሐ. የመጻሕፍት ጥገና። ቴንጉጆ የሚባለው የኮዞ ወረቀት እጅግ ስስ ከመሆኑ የተነሣ በጽሑፍ ላይ ቢለጠፍ ጽሑፉ ይነበባል። የቢሮ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ሲመዝን ቴንጉጆ ከ10 ግራም በታች ነው። በ1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፍሎረንስ ከተማ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ የተጎዱትን መጻሕፍት ለመጠገን የጃፓን ወረቀት በሰፊው ሠርቷል። በየገዳማቱና በየአድባራቱ የተቀደደ ቅጠል በሚያጣብቅ ፕላስተር ተለጥፎ ማየት ያሳዝናል፤ የፕላስተሩ ሙጫ ውሎ አድሮ ይጠቁራል፣ ሲነሣም ጽሑፉን ይዞ ይነሣል። ስስ የጃፓን ወረቀት ከስንዴ ስታርች በተሠራ ሙጫ ሲለጠፍ ግን፣ በኋላ ጊዜ የተሻለ ጠጋኝ ቢመጣ ያለ ጉዳት ሊያነሣው ይችላል። ብራና በውኃ ስለሚኮማተር ግን ሥራውን ለባለሙያ መተው ይገባል።

5. ሲገዙ ምን መመርመር ይገባል?

በጃፓን ስም የሚሸጥ ወረቀት ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ በመኪና የተሠራ ነው፤ አንዳንዱ የእንጨት ቃጫ ተቀላቅሎበታል። ስለዚህ ገዢው የሚከተሉትን ቢጠይቅ ይጠቀማል። ኮዞው ንጹሕ ነው ወይስ ድብልቅ? የተቀቀለው በአመድ ውኃ ነው ወይስ በኀይለኛ ኬሚካል? የነጣው በውኃና በፀሐይ ነው ወይስ በክሎሪን? ቅብ አለው ወይስ የለውም?

መልስ የሚሰጥ ሰው ባይገኝ በዓይንና በእጅ መመርመር ይቻላል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ቢይዙት የቀርከሃው ወንፊት መስመር በብዙዎቹ ላይ ይታያል። ከጠርዙ ጥቂት አርሶ ቢስቡት የእውነተኛ ኮዞ ቅዳጅ እንደ ጥጥ ረዣዥም ጭራ ያወጣል፤ የእንጨት ወረቀት ግን አጭር ሆኖ ይበጠሳል። አንድ ጠብታ ውኃ ቢያሳርፉበት ወዲያው ከጠጣው ቅብ የለውም፤ ጠብታው ድቡልቡል ሆኖ ከቆየ ቅብ አለው። ገንዘቡ ትንሽ የሆነ ተማሪ ልምምዱን በተራ ወረቀት ላይ ጨርሶ፣ ለመጨረሻዎቹ ጥቂት ቅጂዎች ብቻ ጥሩውን ቢገዛ የተሻለ ነው።

6. ከደጃችን ያለው ቃጫ

ከላይ የማኒላ ቃጫን ጠቅሰናል። ይህ ቃጫ የሚገኘው አባካ ከተባለ የሙዝ ወገን ነው፤ ርዝመቱ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ ለሻይ ከረጢትና ለገንዘብ ኖታ ወረቀት ያገለግላል። እንሰትም የዚሁ የሙዝ ቤተሰብ ተክል ነው። ከአምቦ በወንጪ በኩል ወደ ወሊሶ የሚሄድ መንገደኛ በየጓሮው እንሰት ያያል፤ ኦሮሞዎች ወርቄ ይሉታል። እናቶች ለቆጮ ሲፍቁት የሚተርፈው ቃጫ ለገመድና ለጆንያ ይውላል።

ይህን ቃጫ በአመድ ውኃ ቀቅሎ፣ አጥቦ፣ ጉድፉን ለቅሞ፣ ወቅጦ በወንፊት ማንሣት ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። እንሰት የቅጠል ቃጫ እንጂ የልጥ ቃጫ ስላልሆነ ከኮዞ ይልቅ ብዙ መቀቀል ይፈልጋል፤ ወረቀቱም የኮዞን ልስላሴ ይይዛል ብለን አንጠብቅም። ቢሆንም ስንት ሰዓት ይቀቀል? ምን ያህል ይወቀጥ? የባሚያ ዝልግልግ የቶሮሮ አኦይን ሥራ ይሠራ ይሆን? የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት የግብርና፣ የኬሚስትሪና የሥነ ጥበብ ተማሪዎች በአንድነት ቢሠሩ ለዚህ መጽሔት የሚገባ ምርምር ይሆናል። ፍቀው ቃጫውን የሚያወጡት እናቶችም ስለ ቃጫው ባሕርይ ከማንኛችንም በላይ ስለሚያውቁ ጥያቄው ከእነርሱ ዘንድ መጀመር አለበት።

በጠቅላላው ከጃፓኖች የምንማረው ዋና ነገር ወረቀታቸውን መግዛት ብቻ አይደለም። ወረቀት በስሙና በንጣቱ ሳይሆን በቃጫው፣ በአሠራሩና በሚውልበት ሥራ እንደሚመረጥ መረዳት ነው። ይህን ቁም ጸሐፊዎቻችን በቆዳው ላይ ሲያደርጉት ኖረዋል። እኛም በወረቀታችን ላይ እንዲሁ ብናደርግ የዛሬው ተማሪ ሥራ ለነገው ተማሪ ሳይፈረካከስ ይደርሳል።