ፎቶግራፉ ላይ የሌለው ከበሮ መቺ

አራት ሰዎች የሠሩት ሥራ በሦስት ሰዎች መልክ ሲወጣ፥ አራተኛው የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ በ1976 (ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በሎንዶን የተቋቋመው «ዘ ክላሽ» የተባለው የሙዚቃ ጓድ ነው።

ያን ጊዜ የእንግሊዝ ወጣቶች «ፓንክ» የሚሉትን ፈጣንና ቁጡ ሙዚቃ ይዘው ተነሥተው ነበር። የጓዱ ከበሮ መቺ በ1956 የተወለደው ቴሪ ቻይምስ ነበረ። ይሁን እንጂ በሐሳብ ባለመስማማቱ ዓመቱ ሳያልቅ ተለያቸው። በ1977 መጀመሪያ ሸክላ ለማስቀረጽ ሲነሡ ግን ጠሩት፤ መጥቶም መትቶላቸው ሄደ።

ሸክላው በዚያው ዓመት ወጣ። በሽፋኑ ላይ ቆመው የሚታዩት ጆ ስትራመር፥ ሚክ ጆንስና ፖል ሲሞነን ብቻ ናቸው። የከበሮ መቺው ስም ደግሞ «ቶሪ ክራይምስ» ተብሎ ተጻፈ። ቶሪ የእንግሊዝ ወግ አጥባቂ ፓርቲ መጠሪያ ሲሆን፥ ክራይምስ ወንጀል ማለት ነው። ነገሩ ቀልድ ነበረ፤ ቀልዱ ግን ስሙን አስቀረበት።

ወንበሩን ቶፐር ሄደን ወረሰ። በ1982 ሄደን በአደንዛዥ ዕፅ ምክንያት ሲሰናበት፥ የተጠራው ያው ቻይምስ ሆነ። በዚያው ዓመት «ሮክ ዘ ካስባ» ለተባለው ዘፈን በተነሣው ፊልም ላይ ከበሮ ሲመታ የሚታየው እርሱ ነው፤ የሚሰማው ከበሮ ግን ሄደን አስቀድሞ ያስቀረጸው ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ በፊተኛው ሥራ ድምፁ እየተሰማ መልኩ ጠፋ፤ በኋለኛው መልኩ እየታየ ድምፁ የሌላ ሆነ።

ኋላም «ሃኖይ ሮክስ»ና «ብላክ ሳባዝ» ከተባሉት ጓዶች ጋር ለጥቂት ጊዜ ሠራ። በመጨረሻ ግን ካይሮፕራክቲክ የተባለውን፥ አከርካሪን በእጅ የማቃናት ሙያ ተማረ፤ የእኛን ወጌሻ ሥራ የሚመስል፥ ነገር ግን በትምህርት ቤት የሚሰጥ ጥበብ ነው። አንተ ይባል የነበረው ወጣት አንቱ ተባለ። በ2003 «ዘ ክላሽ» በአሜሪካ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ሲገባ፥ የዶክተር ቴሪ ቻይምስ ስም ከአራቱ ጓደኞቻቸው ጋር ተመዘገበ። ስማቸው እስኪቃና 26 ዓመት ፈጀ።

እኔም ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ በያዝኩ ሰሞን፥ ያረቀቅሁት ጽሑፍ በሌላ ሰው ፊርማ ሲወጣ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ዛሬ መጀመሪያ የምጠይቀው ከበሮው በልኩ መመታቱን ነው። ይህን ስል የስም መቅረት ተገቢ ነው ማለቴ አይደለም። ዛሬ አርቃቂዎች የሆንን ነገ ፈራሚዎች እንሆናለን፤ ያን ጊዜ ፎቶግራፉ ከመነሣቱ በፊት ሰዎቹን እንቍጠር።