ውኃ፣ ተዳፋትና ብስክሌት፦ ከጋርዳ ሐይቅ ዱካዎች የምንማረው



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ሐይቅና ተራራ በተገናኙበት ስፍራ ከሚቀየሱ የብስክሌት ዱካዎች መካከል አንዱ ለመቶ ዓመት ሲጸና ሌላው በጥቂት ክረምት ቦረቦር የሚሆነው ለምንድን ነው? መልሱን ፍለጋ ወደ ሰሜን ጣሊያን፣ ወደ ጋርዳ ሐይቅ፣ ልውሰዳችሁ።

ጋርዳ 370 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን፣ በስፋቱ ከጣሊያን ሐይቆች ቀዳሚው ነው። የውኃው ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 65 ሜትር ላይ ይገኛል፤ በምሥራቅ የሚያዋስነው የባልዶ ተራራ ደግሞ 2,218 ሜትር ይደርሳል። በእንዲህ ያለ ገደላማ ምድር የተራራ ብስክሌት ይህን ያህል መስፋፋቱ ማብራሪያ ይሻል። ማብራሪያውን የምናገኘው በታሪኩ ውስጥ ነው፤ ከዱካዎቹ ስመ ጥር የሆኑት መጀመሪያ ለብስክሌት አልተሠሩምና።

ከሪቫ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሌድሮ ሸለቆ የሚወጣው የፖናሌ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1851 ዐለት ተፈልፍሎ ሲከፈት ዓላማው ሸለቆውን ከሐይቁ ዳር ገበያ ጋር ማገናኘት ነበር። በኋላ ተሽከርካሪዎች በዋሻ መንገድ መተላለፍ ሲጀምሩ፣ አሮጌው መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ተተወ። ወደ ትሬማልዞ መተላለፊያ የሚወስደውን ጠመዝማዛ የጠጠር መንገድ ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሠሩት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። በዚያን ጊዜ የሐይቁ ሰሜናዊ ጫፍ በኦስትሪያና ሃንጋሪ መንግሥት ሥር ስለነበር አካባቢው የጦር ግንባር ነበር። መድፍና ስንቅ የጫነ በቅሎ ቀጥ ያለውን ዳገት አይወጣም፤ ስለዚህ መሐንዲሶቹ መንገዱን እያዞሩ ቀስ በቀስ አወጡት። ለበቅሎ የተመቸው ተዳፋት ለብስክሌትም ተመቸ።

ዛሬ የዱካ ቀያሾች የሚመሩባቸው መለኪያዎችም ከዚህ አይርቁም። አንደኛ፣ የዱካው አማካይ ተዳፋት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ይህም በ100 ሜትር ርቀት የ10 ሜትር ከፍታ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የዱካው ተዳፋት የሚያርፍበት ጎን ካለው ተዳፋት ከግማሽ መብለጥ የለበትም። ጎኑ 12 በመቶ ቢያጋድል ዱካው ከ6 በመቶ አያልፍም። ከዚህ ካለፈ ውኃው ዱካውን ተሻግሮ መውረዱን ትቶ ራሱን ዱካውን ቦይ ያደርገዋል። ሦስተኛ፣ የዱካው ወለል ወደ ቁልቁለቱ በኩል በመጠኑ ያጋድላል፤ በየተወሰነ ርቀትም ዱካው ጥቂት ወርዶ መልሶ እንዲወጣ ይደረጋል፤ በዝቅተኛው ቦታ ላይ ጎርፉ ይወጣል። እርከንና የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ለሚያውቅ አርሶ አደር ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም።

ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ነው። የወንጪን እሳተ ገሞራ ሐይቅ ውሰዱ። ከአፋፉ ወደ ውኃው በሚወርዱት መንገዶች ላይ ጎብኚ በፈረስ የሚያመላልሱ የአካባቢው ሰዎች፣ ገበያ ወራጆችና በደሴቲቱ ወደሚገኘው የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ምእመናን ይመላለሳሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ለብስክሌት ስሜት ሲባል ቁልቁል ቀጥ ያለ ዱካ ቢቀደድ፣ የክረምቱ ጎርፍ የማሳውን አፈር ወደ ሐይቁ ይዞ ይወርዳል። ኪሳራውም ብስክሌቱን ጭኖ ወደ ከተማ በሚመለሰው ጎብኚ ላይ ሳይሆን፣ እዚያው በሚኖረው ገበሬና ባለ ፈረስ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ በዚህ ዘርፍ ለምትመራመሩ ተማሪዎቼ የማሳስበው ይህን ነው፦ የዱካ ጥናት በሐምሌና በነሐሴ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ውኃው የሚሄድበትን በማየት ይጀመር። ከዚያም መንገዱን ዕለት ዕለት የሚጠቀሙትን ሰዎች ጠይቁ። የብስክሌተኛው ተራ የሚመጣው ከእነዚህ ሁለቱ በኋላ ነው።