የቤተሰብ ሐኪም በመጀመሪያው ዓመት ለምን ከክፍል ክፍል ይዞራል?

ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ጠቅላላ ሐኪሞች "የቤተሰብ ሕክምና ብገባ የመጀመሪያውን ዓመት ምን እሠራለሁ?" እያሉ ይጠይቁኛል።

ትምህርቱን በአገራችን በ2005 ዓ.ም. የጀመረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ 3 ዓመት ይፈጃል። የመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው ሆስፒታል ውስጥ ያልፋል፤ የውስጥ ደዌ፣ ሕፃናት፣ ማህፀንና ጽንስ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ድንገተኛ። ሬዚደንቱ እንደ ክፍሉ ሰው ተረኛ ያድራል፣ ራውንድ ላይ በሽተኛ ያቀርባል። ዓላማው ግን ይለያል። ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚገባው ትልልቁን ኦፕራሲዮን ሊካን ሳይሆን፣ የትኛው የሆድ ሕመም ዛሬውኑ ሪፈር መባል እንዳለበት፣ የትኛው እዚያው እንደሚታከም በእርግጠኝነት ለመለየት ነው።

አካባቢያችንም ራሱ ያስተምራል። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም ከፍታዋ ከ500 ሜትር በላይ ያንሳል። ደሴ ላይ ትኩሳት ይዞት የመጣን ሰው "ሰሞኑን ወደ ቆላ ወርደህ ነበር?" ሳይሉ ወባ አይደለም ማለት አደጋ ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ደግሞ በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀ ነው፤ የደነዘዘ የቆዳ ነጠብጣብን አንዴ በእጁ ዳስሶ ያየ ሐኪም ጤና ጣቢያ ላይ በቀላሉ አያልፈውም።

እኔ አብልጬ የማየው የሕፃናትንና የማህፀን ክፍልን ነው። እናትና ልጅን አብሮ ማየት የሙያችን ልብ ነውና፣ እዚያ የምታሳልፉትን ጊዜ አታሳጥሩት።

በየትኛውም ክፍል፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት በሽተኛ ከዋርድ ሲወጣ መድኃኒቱን ከየት እንደሚገዛ፣ ክትትሉን የት እንደሚቀጥል ጠይቁት፤ መልሱንም ካርዱ ላይ ጻፉ።