ሚል ክሪክ፦ ዩኒቨርሲቲን ያስተማረ ሰፈር

ምዕራብ ፊላዴልፊያ ውስጥ ሚል ክሪክ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው ከአንድ ትንሽ ወንዝ ነው፤ ወንዙን ግን ዛሬ የሚያየው የለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ከተማዋ ወደ ምዕራብ ስትሰፋ፣ መሐንዲሶች ወንዙን ስድስት ሜትር ገደማ ስፋት ባለው የፍሳሽ ቦይ ውስጥ አስገቡት። ሸለቆውን በአፈርና በከሰል አመድ ሞሉት፤ በላዩ ጎዳና ዘረጉ፤ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ቤቶችንም ደረደሩበት። ውሃው ግን መንገዱን አልለቀቀም። የተሞላው አፈር እያደር ሰረገ፣ የቤቶቹ መሠረት ተሰነጠቀ፣ ምድር ቤቶቹ ውሃ ያቁሩ ጀመር። በ1961 ፈንስተን በተባለው ጎዳና ስር ቦዩ ተደርምሶ ቤቶችን ይዞ ወረደ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1987 የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የመልክዓ ምድር ንድፍ ትምህርት ክፍል ኃላፊ የነበሩት ፕሮፌሰር አን ዊስተን ስፐርን፣ ከተማሪዎቻቸው ጋር የምዕራብ ፊላዴልፊያን መሬት ማጥናት ጀመሩ። ሰፈሩ በባዶ ቦታ የተሞላ ነበር። ቤት ፈርሶ ቆሻሻ የተጣለበት፣ አረም የወረሰው መሬት በየመንገዱ ይታያል። ብዙ ሰው ምክንያቱን ሲናገር ከድህነትና ከወንጀል አያልፍም ነበር። ስፐርንና ተማሪዎቻቸው ግን የባዶ ቦታዎቹን ካርታ ከጥንቱ የወንዝ ካርታ ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ትልልቆቹ ባዶ ቦታዎች የተቀበረውን ወንዝ ጥምዝምዝ ተከትለው የተሰለፉ ሆነው አገኟቸው። ሰፈሩን ያፈረሰው የነዋሪው ስንፍና አልነበረም፤ ቤት ሊሠራበት የማይገባ መሬት ላይ ቤት መሠራቱ ነው። በዚያ ላይ በ1930ዎቹ የፌዴራል መንግሥት ተቋም ባወጣው የብድር ካርታ ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች በቀይ ቀለም ስለተለዩ፣ የተሰነጠቀ ቤቱን ለማደስ ባንክ የሚሄድ ነዋሪ ብድር አያገኝም ነበር። ከላይ ካርታው፣ ከታች ውሃው፤ ቤቶቹ በሁለቱ መካከል አለቁ።

በዓለም የታወቀው አርክቴክት ሉዊ ካን እንኳ በ1950ዎቹ የሚል ክሪክን የመንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲነድፍ፣ ቤቶቹ የቆሙት በዚሁ ሸለቆ ላይ ነበር። ከ2000 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ፈርሰው በሌሎች ተተኩ።

የስፐርን ሥራ የምዕራብ ፊላዴልፊያ የመልክዓ ምድር ፕሮጀክት ይባላል። ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪና ነዋሪ ተባብረው ከተማን ስለማደስ ሲነሳ ብዙ ምሳሌ ይጠቀሳል። እኔ ይህንን የመረጥኩት ስፐርንና ተማሪዎቻቸው ወደ ሰፈሩ የገቡት ሊያስተምሩ ብቻ ሳይሆን ሊማሩም ስለነበር ነው። ክብደቱን ለመረዳት ግን ዩኒቨርሲቲው ከዚያ በፊት በጎረቤቶቹ ላይ ያደረገውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ፔን (የከተማው ሰው ዩኒቨርሲቲውን የሚጠራው እንዲህ ነው) ከመሀል ከተማ ወደ ምዕራብ ፊላዴልፊያ የተዛወረው በ1872 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጥቁር አሜሪካውያን በብዛት በዙሪያው ሲሰፍሩ፣ በ1959 ፔን፣ ድሬክሰል የተባለው ጎረቤት የትምህርት ተቋም እና ሌሎች የአካባቢው ተቋማት የዌስት ፊላዴልፊያ ኮርፖሬሽን የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። ከተማውና የፌዴራል መንግሥቱም በመልሶ ማልማት ሕግ ደገፏቸው። ለሳይንስ ማዕከል ግንባታ ሲባል ብላክ ቦተም የተባለው የጥቁሮች ሰፈር ተጠርጎ ጠፋ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የልማት ተነሺ ሆነው ተበተኑ። ቤተ ክርስቲያናቸው፣ የጸጉር አስተካካያቸው ቤት፣ የሚገዙበት ሱቅ አብሮ ሄደ። የቀድሞ ነዋሪዎችና ልጆቻቸው በየዓመቱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ በፌርማውንት መናፈሻ ተሰብስበው ሰፈራቸውን ያስታውሳሉ፤ የሰፈሩ ቤቶች ከፈረሱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢያልፍም ማኅበራቸው አልፈረሰም። ከአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ተነስቶ ከተማ ዳር የሰፈረ፣ ዕድሩ የተበተነበት ሰው ይህንን ያለ አስረጂ ይረዳዋል።

በየካቲት 1969 የፔን ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲውን ዋና ሕንፃ ኮሌጅ ሆልን ይዘው ስድስት ቀን ተቀመጡ። ሁለት ጥያቄ ነበራቸው። የሳይንስ ማዕከሉ ለጦር ኃይል ምርምር እንዳያደርግ፣ ቤታቸው ለፈረሰባቸውም ምትክ ቤት እንዲሠራ። ፖሊስ ሳይገባ፣ ደም ሳይፈስ በድርድር ተጠናቀቀ። በድርድሩ የሰፈሩ ተወካዮች ከባለአደራ ቦርዱ፣ ከመምህራኑና ከተማሪዎቹ እኩል የሚቀመጡበት ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ገንዘብም ቃል ተገባ። ቃሉ በአብዛኛው ወረቀት ላይ ቀረ። ከዚህ በኋላ የሰፈሩ ሰው ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣን ማንኛውንም ደብተር የያዘ ወጣት በጥርጣሬ ቢያየው ማን ይፈርድበታል?

ነገሩ መለወጥ የጀመረው በ1985 ነው። የታሪክ ምሁሩ ሊ ቤንሰን፣ አይራ ሃርካቪ እና የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሼልደን ሃክኒ አብረው አንድ ሴሚናር ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቹ በምዕራብ ፊላዴልፊያ አንድ ችግር መርጠው መፍትሔ እንዲያቀርቡ ታዘዙ። ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወቅት የሰፈሩን ወጣቶች በማደስና በማስዋብ ሥራ የሚያሰማራ ቡድን ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት 13 ቀን የከተማው ፖሊስ ሙቭ የተባለ ቡድን አባላት በሚኖሩበት ቤት ላይ ከሄሊኮፕተር ቦምብ ጣለ። አምስት ሕፃናትን ጨምሮ አስራ አንድ ሰው ሞተ፤ 61 ቤቶች ተቃጠሉ። የወጣቶቹ ቡድን ሥራውን የጀመረው ከዚያ ቃጠሎ ጥቂት መንገዶች ብቻ በሚርቀው በብራያንት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በ1992 ሃርካቪ የሚመሩት ቋሚ ማዕከል ተቋቋመ፤ ዛሬ ኔተር ማዕከል ይባላል።

የማዕከሉ አሠራር ከበጎ ፈቃድ ይለያል። ቅዳሜ ከሰዓት ሄዶ ግድግዳ ቀብቶ መመለስ አይደለም። ሰፈሩ ራሱ የኮርሱ ቤተ ሙከራ ይሆናል፤ ተማሪው ለሚሠራው ማርክ ይይዛል፣ መምህሩም ምርምሩን እዚያው ያካሂዳል። ለምሳሌ የአንትሮፖሎጂ ፕሮፌሰሩ ፍራንሲስ ጆንስተን የሰው አካልና የአመጋገብ ተመራማሪ ነበሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንዱን መደበኛ ኮርሳቸውን ወደ ተርነር መካከለኛ ትምህርት ቤት ወሰዱት። የፔን ተማሪዎች የልጆቹን አመጋገብና የሰውነት ሁኔታ አብረዋቸው አጠኑ። ልጆቹ መረጃ ሰብሳቢዎች እንጂ የሚለኩ ዕቃዎች አልነበሩም። ከዚያ የትምህርት ቤት የጓሮ አትክልት፣ በልጆች የሚመራ የፍራፍሬ መሸጫና የሥነ ምግብ ትምህርት ተወለደ። የቋንቋ ሊቁ ዊልያም ላቦቭ ደግሞ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን አነጋገር የነበራቸውን ዕውቀት ይዘው፣ ማንበብ ለከበዳቸው የምዕራብ ፊላዴልፊያ ሕፃናት የሚሆን የንባብ ትምህርት አዘጋጁ።

በእኛም አገር ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1964 ጀምሮ ተማሪዎቹን ሳይመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍላተ ሀገር ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው አገራቸውን አወቁ። ዛሬም የማኅበረሰብ አገልግሎት ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጋር የዩኒቨርሲቲዎቻችን ሦስተኛ ተግባር ተብሎ በሕግ ተደንግጓል። በፊላዴልፊያው አሠራር ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሦስቱ ተግባራት ሦስት ጽሕፈት ቤት አለመሆናቸው ነው። ምርምሩም፣ ትምህርቱም፣ አገልግሎቱም አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ መምህር እጅ ላይ ይገናኛሉ። ለብቻው የቆመ የማኅበረሰብ አገልግሎት ቢሮ በጀት ሲያንስ መጀመሪያ የሚታጠፈው እርሱ ነው።

ወደ ሚል ክሪክ እንመለስ። በ1996 የስፐርን ተማሪዎች 48ኛው መንገድ ላይ በሚገኘው የሰልዝበርገር መካከለኛ ትምህርት ቤት ገቡ። ልጆቹ በየቀኑ የሚረግጡት መሬት ስር ወንዝ እንዳለ አያውቁም ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ጋር ሆነው የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ካርታ፣ የሕዝብ ቆጠራ ሰነድና የድሮ ፎቶግራፍ ማንበብ ተማሩ። ማን የት ይኖር እንደነበር፣ ፋብሪካው መቼ እንደተዘጋ፣ ባንኩ ለማን እንዳበደረና ማንን እንደከለከለ ራሳቸው ደረሱበት። ከዚያ የሰፈራቸውን ወደፊት ነደፉ። የሰልዝበርገር ልጆች በአቅራቢያቸው ያለውን አስፐን ፋርምስ የተባለ የጋራ የአትክልት ስፍራም አጥንተዋል። ጎረቤቶች በባዶ ቦታ ላይ ያለሙት ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ሳይደርስ በፊት ነበር፣ ለስፐርንም ትልቅ ትምህርት ሆኗቸዋል። ሰፈሩ የጎደለውን ብቻ የሚቆጥር ተመራማሪ እንዲህ ያለውን ስፍራ አያየውም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የታየኝ ትልቁ ነገር የልጆቹ አቋም መለወጡ ነው። ሰፈሬ ቆሻሻ የሆነው እኛ ቆሻሾች ስለሆንን ነው የሚለው እፍረት ከልጅ ላይ ሲወርድ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ብድርና ስለ ሕግ መጠየቅ ይጀምራል። ይህንን የሚሰጥ ስብከት የለም፤ ካርታና ካርታ የሚያነብ ዓይን ግን ይሰጡታል።

ስፐርን ያቀረቡት መፍትሔም ከዚሁ የመነጨ ነበር። በአብዛኛው የፊላዴልፊያ ክፍል የዝናብ ውሃና የቤት ፍሳሽ በአንድ ቦይ ይሄዳሉ። ከባድ ዝናብ ሲጥል ቦዩ ይሞላና ቆሻሻው ሳይጣራ ወደ ወንዝ ይለቀቃል። በሸለቆው ላይ ያሉት ባዶ ቦታዎች ዝናቡን ተቀብለው ወደ መሬት ቢያሰርጉት፣ ቦዩም ይተነፍሳል፣ ሰፈሩም መናፈሻ ያገኛል። የከተማው ዕቅድ ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ ጆሮ አልሰጡም፤ በተቀበረው ሸለቆ ላይ አዲስ የድሃ ቤት መሥራታቸውን ቀጥለው ነበር። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ግን ኋላ ይህንኑ አቅጣጫ ያዘ። በ2011 ፊላዴልፊያ የዝናብ ውሃን በተክልና በአፈር ለማስቀረት የ25 ዓመት ዕቅድ ጀመረች፤ ዕቅዱ በአሜሪካ ከተሞች ዘንድ በአርአያነት ይጠቀሳል።

ትምህርት ቤቱ ግን ያን ያህል አልታደለም። በ2001 መጨረሻ ክፍለ ግዛቱ የፊላዴልፊያን ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ከከተማው ነጥቆ ወሰደ፤ በተከታዩ ዓመት ሰልዝበርገር ለአንድ የግል ኩባንያ ተሰጠ፣ የሚል ክሪክ ትምህርትም ተቋረጠ። ስፐርን ቀደም ብለው ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተዛውረዋል፤ ከዚያ ሆነው ፕሮጀክቱን ቀጥለዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ዋናው ድካሙ እዚህ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ሴሚስተር አራት ወር ነው፤ ተማሪ በአራት ዓመት ይመረቃል፤ ፕሮፌሰር የተሻለ ሥራ ያገኛል፤ ነዋሪው ግን እዚያው ነው።

ሌላም ጣጣ አለ፤ ሥራው ሲሳካም ዋጋ ያስከፍላል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወንጀል ሲበዛ የፔን ፕሬዚዳንት ጁዲት ሮዲን ትልቅ የእድሳት ዘመቻ አስጀመሩ። የመንገድ መብራት ተተከለ፣ ሠራተኞች በአካባቢው ቤት እንዲገዙ ድጎማ ተሰጠ፣ በ2001 ዩኒቨርሲቲው የሚደጉመው ፔን አሌክሳንደር የሚባል የመንግሥት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ትምህርት ቤቱ ጥሩ ሆነ፤ እጅግ ጥሩ ከመሆኑ የተነሳ በ2013 ወላጆች ልጃቸውን ለማስመዝገብ በጥር ብርድ አስፋልት ላይ ተሰለፉ። በዙሪያው የቤት ዋጋ ጣራ ነካ። በዚህ አካባቢ ባልቲሞር ጎዳና ላይ የሚያልፍ ሐበሻ የእንጀራና የቡና ሽታ ያገኛል፤ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ምግብ ቤት ከፍተው፣ ታክሲ ነድተው፣ ልጅ አሳድገው የኖሩበት ነው። ኪራይ ሲንር ጥቁር አሜሪካዊውን ጎረቤታቸውን የነካው እነርሱንም ይነካል።

በ2021 ደግሞ ብላክ ቦተም በነበረበት አካባቢ፣ 70 ቤተሰቦች በድጎማ ኪራይ የሚኖሩባቸው ዩኒቨርሲቲ ሲቲ ታውንሆምስ የተባሉት ቤቶች ባለቤት የድጎማ ውሉን አላድስም አለ። በ2022 ነዋሪዎች በግቢው ድንኳን ተከሉ፤ ተማሪዎችም አብረዋቸው አደሩ። በኋላ በተደረሰ ስምምነት የመሬቱ አንድ ክፍል ለአነስተኛ ገቢ ላላቸው ቤት እንዲሠራበት ለከተማው ተሰጠ፤ ቤተሰቦቹ ግን መልቀቃቸው አልቀረም። ተማሪ ከነዋሪ ጎን የሚቆመው በኮርስ ብቻ እንዳልሆነ ከ1969 ጀምሮ የታየ ነው። ዩኒቨርሲቲው እንዲህ ያለውን ተማሪ አብሮ ሊሸከም ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የጎረቤቱ የድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ መንገድ ደግሞ ቀለል ያለና በጣም የምወደው ነው። በ2014 በማንቱዋና በፓወልተን ሰፈሮች መካከል ዶርንሳይፍ የተባለ የጎረቤት ማዕከል ከፈተ። ነዋሪው በነፃ የሕግ ምክር ያገኛል፣ ሥራ ፍለጋ ይታገዛል፣ በየወሩ ጎረቤቱና ተማሪው አንድ ማዕድ ይቀርባሉ። ጎን ለጎን የሚሰጡ ኮርሶችም አሉት፤ የሰፈሩ ሰውና የዩኒቨርሲቲው ተማሪ በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ መጽሐፍ ያነባሉ፣ አንድ የቤት ሥራ ይሠራሉ። ሃምሳ ዓመት ሰፈሩን ያወቁ እናት ስለ ቤት ኪራይ ሲናገሩ፣ የሃያ ዓመቱ ልጅ ማስታወሻ ይይዛል።

የገንዘቡ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ዩኒቨርሲቲዎቹ ለትርፍ የማይሠሩ ተቋማት በመሆናቸው ለትምህርት ግቢያቸው የንብረት ግብር አይከፍሉም፤ የፊላዴልፊያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከዋና ገቢዎቻቸው አንዱ ይኸው ግብር ነው። በ2020 የፔን መምህራንና ተማሪዎች ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ሆነው ዩኒቨርሲቲው የግብሩን ምትክ በየዓመቱ እንዲከፍል ዘመቻ አደረጉ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ፔን በትምህርት ቤቶች ውስጥ ያለውን አስቤስቶስና እርሳስ ለማስወገድ በ10 ዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰጥ አስታወቀ። ዘመቻውን ያደረጉት ሰዎች ገንዘቡን በደስታ ተቀበሉ፤ የጠየቁት ግን በአሥር ዓመት የሚያልቅ ስጦታ ሳይሆን የማያቋርጥ ክፍያ ስለነበር ጥያቄያቸውን አልተዉም።