የኡሁራ ወንበር

ልጆች ቴሌቪዥን ላይ ተጥደው መንኮራኩር ከመንኮራኩር ሲታኮስ ሲያዩ «ይኼ ደግሞ ምን ይጠቅማችኋል?» የማንል ወላጆች ጥቂት ነን። ንቀቱ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ደራሲ ዊልሰን ተከር እ.ኤ.አ. በ1941 «ስፔስ ኦፔራ» የሚለውን ስም ያወጣው ለማሽሟጠጥ ነበር። የዚያን ጊዜ ተከታታይ የሬዲዮ ድራማዎችን ወጪ የሚሸፍኑት ሳሙና አምራቾች ስለነበሩ ድራማዎቹ «ሶፕ ኦፔራ» ይባሉ ነበር። ተከርም ተራ የጠፈር ጀብዱዎችን በዚያው ስም ቀለደባቸው።

በ1966 የጀመረው «ስታር ትሬክ» ብዙ ጊዜ ከዚሁ ወገን ይመደባል። ዛሬ ስናየው የካርቶን የሚመስሉት ድንጋዮቹ ያስቃሉ። በመንኮራኩሩ ማዘዣ ክፍል ውስጥ ግን አንዲት ጥቁር ሴት መኮንን ተቀምጣለች፤ የመገናኛ ኃላፊዋ ኡሁራ። ስሟ የመጣው ነጻነት ከሚለው የስዋሂሊ ቃል ነው። በዘመኑ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ለጥቁር ሴት የሚሰጠው ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ የቤት ሠራተኝነት ነበር።

ኡሁራን የተጫወተችው ኒሼል ኒኮልስ ዘፋኝም ነበረች። ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ ወደ መድረክ ልትመለስ ፈልጋ መልቀቂያ አስገባች። ኒኮልስ ደጋግማ እንደተናገረችው፣ በዚያው ሰሞን በአንድ ዝግጅት ላይ «አድናቂሽ ሊያገኝሽ ይፈልጋል» ተባለች። ዞር ስትል ማርቲን ሉተር ኪንግ ቆመዋል። እሳቸውና ባለቤታቸው ኮሬታ ልጆቻቸው አምሽተው እንዲያዩ የሚፈቅዱት ፕሮግራም ይኼው መሆኑን ነገሯት፤ እንዳትለቅም አጥብቀው መከሯት። መልቀቂያዋን ሳበች።

ፕሮግራሙ በ1969 ቢቋረጥም የኒኮልስ ሥራ አላበቃም። በ1977 ናሳ ሴቶችና ጥቁሮች ለጠፈርተኝነት እንዲያመለክቱ እንድትቀሰቅስለት ተዋዋላት። በተከታዩ ዓመት ከተመረጡት 35 ዕጩዎች ስድስቱ ሴቶች፣ ሦስቱ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ሁሉንም ለእሷ መስጠት ማጋነን ይሆናል፤ ናሳም በሩን ከፍቶ ነበርና።

ቺካጎ ውስጥ ኡሁራን እያየች ያደገችው ሜይ ጀሚሰን ሐኪም ሆነች፤ በ1992 «ኢንዴቨር» በተባለችው መንኮራኩር ወደ ጠፈር የሄደች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴትም ሆነች። እዚያም ፈረቃዋን የምትጀምረው ኡሁራ የመገናኛ መስመር ስትከፍት የምትለውን እየደገመች ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በአዲሱ «ስታር ትሬክ» አንድ ክፍል ላይ አጭር ሚና ተጫወተች። በቀረጻው ቦታ ኒኮልስ ልትጠይቃት መጥታ ነበር።