የትንሽ ግራፊክስ ካርድ ጉልበት በሶልደር ይጨምራል?

ወረታ ላይ በአሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ጌም የምትጫወቱ፣ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት የምታደርጉ ወዳጆቻችን፣ ይቺ ለእናንተ ናት።

የኃይል ገመድ የማይሰካላቸው የጂቲኤክስ 1650 ካርዶች ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከማዘርቦርዱ ስሎት ብቻ ነው፤ ጣሪያው 75 ዋት። ካርዱ የሚወስደውን ኃይል የሚለካው በላዩ ባለች ትንሽዬ ሬዚስተር በኩል ነው። አንዳንዶች እሷ ላይ እኩያዋን ደርበው ሶልደር ያደርጋሉ። ያኔ ካርዱ የሚያየው ግማሹን ብቻ ነው፦ 75 ሲል እውነቱ 150!

ትርፉን ጭነት ግን የሚሸከመው ስሎቱ ነው። ግሎ ከቀለጠ ማዘርቦርዱም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

እኛ የምንለው፦ መጀመሪያ የበጋውን አቧራ አጽዱ፣ የደረቀ ቴርማል ፔስት ቀይሩ። ከዚያ በአፍተርበርነር ቮልቴጁን ቀስ በቀስ ዝቅ እያደረጋችሁ ሞክሩ። በዚያው 75 ዋት ካርዱ ፈጠን ይላል፤ ካልተስማማው ደግሞ ወደ ነበረበት መመለስ ነው። ሶልደር ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።