ቤትን ለፋሲካ ማሳመር፦ ሳይደክሙ፣ ሳይወድቁ፣ ገንዘብ ሳያባክኑ

ፋሲካ እየተቃረበ ሲመጣ በየቤቱ ሥራ ይበዛል። በኢትዮጵያ በነበረው ኑሮ እናቶች ግድግዳውን በጭቃ ይመርጉ፣ ወለሉን በእበት ይለቀልቁ ነበር። አሮጌው የሸክላ ዕቃ ተሰብሮ ለበዓሉ አዲስ ይሠራ ነበር። አፈሩም ውሃውም ከደጅ ስለሚገኝ ወጪው ጉልበት ብቻ ነበር። እስራኤል ውስጥ ግን ቤቱ የብሎክና የሲሚንቶ ነው፤ ቀለም ይገዛል፣ ሠራተኛ ይከፈለዋል፣ ጉልበቱም እንደ ድሮው አይደለም።

ታዲያ በዚህ ወቅት በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ነገር ይደጋገማል። ልጆች ለመርዳት ብለው ይመጡና በአንድ ቀን ቤቱን ገልብጠውት ይሄዳሉ። ከጎንደር ወይም ከትግራይ በስንት መከራ የመጣ ስፌት "አሮጌ ነው" ተብሎ ከቆሻሻ ጋር ይወጣል። እናት ከዚያ በኋላ በገዛ ቤታቸው ዕቃ ፈላጊ ይሆናሉ። ወይም ደግሞ አባት "ልጆቹን አላስቸግርም" ብለው ብቻቸውን መሰላል ላይ ይወጣሉ። ሁለቱም ደግ አይደለም። ትንሽ ዕቅድ ካለ ግን ቤቱም ያምራል፣ ክብርም ይጠበቃል።

መጀመሪያ መነጋገር

ሥራ ከመጀመሩ በፊት የቤቱ ባለቤት የሆኑት ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ቁጭ ብለው ሦስት ነገር ቢለዩ ይበጃል፤ የሚቀር፣ የሚሰጥ፣ የሚጣል። የሚቀረው ዕቃ ላይ ምልክት ማድረግ ወይም አንድ ክፍል ውስጥ መሰብሰብ ነው። "ይህን ያለ እኔ ፈቃድ ማንም አይነካውም" ማለት ነውር የለውም። ከዚያ በአንድ ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ መሥራት። ሳሎን፣ ኩሽናና መኝታ ቤት አንድ ላይ ከተገለበጡ ማረፊያ አይገኝም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ!

ከቀለም በፊት ሻጋታ

በክረምት ወራት በብዙ አፓርታማዎች የግድግዳው ማዕዘን ይጠቁራል። ይህ ሻጋታ ነው። መስኮት ተዘግቶ ሲበሰል፣ እንጀራ ሲጋገር፣ ልብስ ቤት ውስጥ ሲሰጣ እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል። በላዩ ላይ ቀለም ቢቀባ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ ይወጣል፤ ገንዘቡም ከንቱ ይቀራል።

መጀመሪያ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ማየት ያስፈልጋል። ቧንቧ ወይም ጣሪያ የሚያፈስ ከሆነ ቀለም መፍትሔ አይሆንም፤ ቤቱ የኪራይ ከሆነ ለአከራዩ፣ የአሚዳር ከሆነም ለአሚዳር በጽሑፍ ማመልከት ይገባል። የማያፈስ ከሆነ ግን ጥቁሩ ቦታ በውሃ በተበረዘ አኮኖሚካ፣ ማለት በበረኪና፣ ይታጠባል። ጓንት ማድረግና መስኮት መክፈት ግድ ነው። አኮኖሚካን ከኮምጣጤ፣ ከአሞኒያ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ አይደረግም። አስም ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ይህን ሥራ ለሌላ ይተው።

ግድግዳው በደንብ ከደረቀ በኋላ ይቀባል። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ማድረግና እንጀራ ሲጋገር መስኮት መክፈት ለከርሞ ይጠቅማል።

ቀለሙ ስንት ሊትር ይበቃል?

ብዙ ሰው በግምት ይገዛና ይተርፈዋል፣ ወይም መሐል ላይ ያልቅበታል። ሒሳቡ ቀላል ነው። 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ክፍል ዙሪያው 14 ሜትር ነው። የግድግዳው ቁመት 2.5 ሜትር ቢሆን 14 በ2.5 ሲባዛ 35 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለበርና ለመስኮት 4 ቢቀነስ 31 ይቀራል። አንድ ሊትር ቀለም በአማካይ 10 ካሬ ሜትር ያህል ይቀባል። ሁለት ጊዜ ስለሚቀባ ከ6 እስከ 7 ሊትር ይበቃል ማለት ነው። ጣሪያው ለብቻው ይታሰባል።

የቀለሙን ዓይነት ከመወሰን በፊት ትንሽ ቆርቆሮ ገዝቶ ግድግዳው ላይ መሞከርና ጠዋትም ማታም ማየት ጥሩ ነው። ሱቅ ውስጥ ያማረው ቤት ውስጥ ላያምር ይችላል። ነጣ ያለ ቀለም ጠባብ ክፍል ሰፋ እንዲል ያደርጋል።

ሠራተኛ ሲቀጠር

ሥራው ለሠራተኛ ወይም ለቃብላን የሚሰጥ ከሆነ ዋጋው በጽሑፍ ይሁን። ቀለሙ በዋጋው ውስጥ አለ ወይስ የለም? ስንት ጊዜ ይቀባል? ዕቃውን ማን ያነሳል? መቼ ያልቃል? እነዚህ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ይስፈሩ። ከሁለትና ከሦስት ሰው ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሙሉውን ገንዘብ ሥራው ሳያልቅ መስጠት አይገባም፤ ሲከፈልም ደረሰኝ መቀበል ነው። ወረቀቱ በዕብራይስጥ ከሆነና ካልገባ፣ ልጅ ወይም ሜጋሼር ሳያነበው ፊርማ አይቀመጥ።

መሶቡና ስፌቱ የት ይቀመጥ?

ስፌት ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ከማንኛውም ሥዕል ይበልጥ ቤቱን ያደምቃል። ሦስት ወይም አምስት ስፌት በአንድ ግድግዳ ላይ አጠገብ ላጠገብ ቢሰቀል ዓይን ይስባል። ግን ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው ቦታ ቀለሙን ያደበዝዘዋል፣ እርጥበት ያለበት ግድግዳ ደግሞ ያሻግተዋል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ እንጂ በውሃ መዘፍዘፍ አያስፈልግም።

ጎንደር አጠገብ ወለቃ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች የታወቁበት መንደር ነው። እንዲህ ያለ የሸክላ ዕቃ ያለው ሰው ጠርዝ ላይ ሳይሆን ሰፋ ባለ መደርደሪያ መሐል ቢያስቀምጠው የልጅ ልጆች አይሰብሩትም። ከጎኑ ማን እንደሠራውና ከየት እንደመጣ በትንሽ ወረቀት ቢጻፍ ደግሞ ልጆቹ "ይህ ምንድን ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ጨዋታውም ከዚያ ይጀምራል።

የቡናው ቦታም ይታሰብበት። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ የማይታይና የማይሸት መርዝ ያመጣል፤ ሰውን ሳያስነሳ ይገድላል። ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይበቃል።

ማማድ ያለበት ቤት ከሆነ መስታወት፣ በመስታወት የተሸፈነ ፎቶና ከባድ መደርደሪያ እዚያ ግድግዳ ላይ አይሰቀል። ሲሬና ሲጮኽ ቤተሰቡ የሚገባው እዚያው ነው።

እንዳይወድቁ

ዕድሜ ሲገፋ ዓይን ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፣ ሰማያዊና አረንጓዴንም መለየት ይከብደዋል። ስለዚህ ደረጃው ጠርዝ ላይ ከወለሉ የተለየ ደማቅ ቀለም መቀባት ወይም መለጠፍ ትልቅ እርዳታ ነው። ከመኝታ ቤት ወደ ሽንት ቤት በሚወስደው መተላለፊያ ላይ በራሱ የሚበራ ትንሽ የሌሊት መብራት ይደረግ። ጠርዙ የሚነሳ ትንሽ ምንጣፍ ወይ ይነሳ፣ ወይ ሥሩ የማያንሸራትት መረብ ይደረግለት። መጋረጃ መስቀልና ጣሪያ መቀባት ደግሞ የወጣቶች ሥራ ነው። ሽማግሌው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው "ወደ ግራ፣ ትንሽ ከፍ" ቢሉ ይበቃል።

መዙዛው

በሩ ሲቀባ መዙዛው ቀለም እንዳይነካው ቀድሞ ይነሳል ወይም ይሸፈናል። ተነስቶ ከቆየ በኋላ ሲመለስ ባርኮት ያስፈልገው እንደሆነ ቄሱን ወይም ረቢውን መጠየቅ ነው። መዙዛ በሰባት ዓመት ሁለት ጊዜ መመርመር ስላለበት የቀለም ጊዜ ለዚህም ምቹ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ካላለቀ ማንም አይቀጣም። ሻጋታውና መብራቱ ይቅደሙ፤ የጤና ጉዳይ ናቸውና። መጋረጃው ከበዓሉ በኋላ ይደርሳል። ሴዴር ማታ እንግዳ የሚያየው ቤቱ አዲስ መሆኑን ብቻ አይደለም፤ የቤቱ ሰዎች ጤነኛ ሆነው በማዕዱ ዙሪያ መቀመጣቸውንም ጭምር ነው።